«ድምፅ አልባ ፊልም» ስለ ተባለው ስያሜ

ስለ ሲኒማ ታሪክ በአማርኛ በሚጻፉ መጣጥፎችና ከውጭ ቋንቋ በሚተረጐሙ ጽሑፎች ውስጥ፣ የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1895 በፓሪስ ፊልም ለሕዝብ ካሳዩበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ የተሠሩት ፊልሞች በአብዛኛው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ «ድምፅ አልባ ፊልም» ይባላሉ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ አንድ ጊዜ «ባለድምፅ»፣ ሌላ ጊዜ «ተናጋሪ» እየተባሉ ይጠቀሳሉ። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንጠቅስ «ዓ.ም.» እንጨምራለን።) ስያሜዎቹ ለጆሮ አይጐረብጡም። «አልባ»ም ከግእዝ ወርሰን «ቤት አልባ»፣ «ሥራ አልባ» እያልን ስንገለገልበት የኖርን በመሆኑ በቃሉ አመሠራረት ላይ ነቀፋ የለንም። ልንተች የተነሣነው ስያሜው ያዘለውን የታሪክ ፍርድ ነው።

ፍርዱ ይህ ነው፤ አስቀድሞ ጸጥታ ነበረ፣ በኋላ ድምፅ መጣ። ይህን የሚያነብ ሰው የያኔው ተመልካች ትንፋሹን ውጦ፣ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ዝም ያለ ጥላ ሲያይ ያመሸ ይመስለዋል። እኛ ግን ሽግግሩ የተካሄደው ከአዳራሹ ድምፅ ወደ ፊልሙ ድምፅ ነው እንላለን። ቀድሞ ድምፁን የሚሰጠው ፊልሙ የታየበት ቦታ ነበር፤ በኋላ ድምፁ ከምስሉ ጋር ታስሮ፣ በተሠራበት አገር ቋንቋ ታትሞ የሚላክ ሆነ። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት ለታሪክ ጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ለተርጓሚውም ትልቅ ነው።

ችግሩ ጐልቶ የሚታየው ተርጓሚው ከ1926 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት ላይ ሲደርስ ነው። ዋርነር ብራዘርስ በኦገስት 1926 «ዶን ጁዋን» የተሰኘውን ፊልም በኒው ዮርክ ሲያሳይ፣ ሙዚቃውና የሰይፉ ፍጭት በሸክላ ተቀርጾ ከምስሉ ጋር እኩል ይሄድ ነበር፤ ተዋንያኑ ግን አንድም ቃል ሲናገሩ አይሰሙም። በማግስቱ ዓመት የወጣው የሙርናው «ሰንራይዝ»ም እንዲሁ ከፊልሙ ጥቅል ጋር የተቀረጸ ሙዚቃ፣ የደወል፣ የመኪና ጥሩምባና የሕዝብ ጫጫታ ድምፅ ነበረው። የታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱንም ከቀድሞዎቹ ፊልሞች ወገን ይመድቧቸዋል። ተርጓሚው ታዲያ ምን ይበል? «ድምፅ ያለው ድምፅ አልባ ፊልም» ቢል አንባቢው ይስቅበታል፤ «ባለድምፅ» ብሎ ቢያልፈው ከመጽሐፉ ምደባ ጋር ይጣላል። ጥፋቱ የተርጓሚው አይደለም፤ የሰጠነው መሣሪያ ዶልዱሟል።

ከዚህ ላይ «ድምፅ» የሚለውን ቃላችንን መመርመር ያሻል። የነጐድጓድ ድምፅ እንላለን፤ የበገና ድምፅ እንላለን፤ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ እንላለን፤ በምርጫ ቀንም ድምፅ እንሰጣለን። ቃሉ ለጆሮ የሚደርሰውን ማናቸውንም ነገርና ከሰው አንደበት የሚወጣውን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ «ድምፅ አልባ» ባልን ቁጥር ንግግርን፣ ሙዚቃንና የቀረውን ጫጫታ ሁሉ በአንድ ቃል እናጠፋለን። ሌሎች ቋንቋዎች እንዲህ አልጨከኑም። ፈረንሳይኛው «ሙዬ»፣ ጀርመንኛው «ሽቱም»፣ ሩስኛው «ኔሞይ»፣ ጣልያንኛው «ሙቶ» አራቱም መናገር የተሳነውን፣ እኛ ዱዳ የምንለውን የሚያመለክቱ ናቸው፤ የሚክዱት አንደበትን እንጂ በገናን አይደለም። እንግሊዝኛው ዝም ያለውን ይጠራል፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ቢሻ ይናገራል። የጃፓንኛው «ሙሴይ ኤይጋ» ሲፈታ የሰው ልሳን ድምፅ የሌለው ፊልም ማለት ነው። አማርኛው ከሁሉም ይልቅ አብዝቶ ካደ።

ተከታዩን ዘመን በመሰየምም ቋንቋዎች ተለያይተዋል። የጀርመንኛው «ቶንፊልም» ድምፅን ሲያነሣ፣ የእንግሊዝኛው «ቶኪ» ንግግርን ያነሣል፤ የዐረብኛው «ናጢቅ» ደግሞ በአንደበት ከሚናገረው ወገን ነው። ጃፓኖች «ቶኪ»ን እንዳለ ተቀብለዋል። ከሁሉ የተሻለ ጥንቃቄ ያደረጉት ፈረንሳዮች ናቸው። በ1929 ገደማ የተቀረጸ ሙዚቃና ጫጫታ ብቻ ያለውን «ሶኖር»፣ ተዋንያኑ የሚናገሩበትን «ፓርላን» እያሉ በማስታወቂያ ሳይቀር ይለዩ ነበር። በገንዘቡ ቲኬት የሚገዛው ሰው ምን እንደሚሰማ ማወቅ ነበረበትና ልዩነቱ የምሁራን ፈጠራ አልነበረም።

የፊልም ድምፅ ተመራማሪው ሚሼል ሺዮን፣ በቀድሞዎቹ ፊልሞች ተዋንያኑ ሲናገሩ ከንፈራቸው ስለሚታይ ዱዳ የነበረው ሲኒማው አይደለም፤ ይልቁንስ የማይሰማ፣ ደንቆሮ ሲኒማ ሊባል ይገባዋል የሚል ሐሳብ አንሥቷል። ሐሳቡ ብልህነት አለው፤ በአማርኛ መዝገበ ቃላት ግን ቦታ የለውም። «ዱዳ»ም «ደንቆሮ»ም በቋንቋችን ከመግለጫነት ይልቅ ለስድብ የቀረቡ ቃላት ናቸው። ከዚያም በላይ ሺዮን የሚናገረው በተመልካቹና በመጋረጃው መካከል ስላለው ነገር ነው፤ እኛ የምንፈልገው ከሁለቱ ጐን የነበረውን ሦስተኛ ወገን፣ አዳራሹን ነው።

አዳራሹ ጸጥ ያለ አልነበረም። በትንንሹ ሲኒማ ቤት ፒያኖ የሚመታ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ በትልልቁ ሙሉ ኦርኬስትራ ይሰለፋል፤ በአሜሪካና በእንግሊዝ ደግሞ የመኪና ጥሩምባና የወፍ ዜማ ሳይቀር የሚያወጣ ታላቅ ኦርጋን ይተከል ነበር። ከመጋረጃው በስተጀርባ ነጐድጓድንና የፈረስ ኮቴን የሚያስመስሉ ሠራተኞች የሚቆሙበት ጊዜ ነበር። ፊደል ያልቈጠረው ተመልካችም ብዙ ስለ ነበረ፣ ከምስሉ መካከል የሚገቡትን ጽሑፎች ጮክ ብሎ የሚያነብለት ጐረቤት አያጣም። እነዚህ ድምፆች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ የቦታው ነበሩ። አንዱ ፊልም በበርሊን ሌላ፣ በቦምቤይ ሌላ ሙዚቃ ይታጀባል፤ የሚያነበውም ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ያነባል።

ይህ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የጐላው በጃፓን ነው። «ቤንሺ» የሚባለው ባለሙያ ከመጋረጃው አጠገብ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የሕፃኑንም ንግግር በየድምፁ ያሰማል፤ የውጭ ፊልም ሲሆን የባዕዱን አገር ልማድ ያብራራል፤ ሲያሰኘው ይቀልዳል። ሕዝቡ ሲኒማ ቤት የሚመርጠው ብዙ ጊዜ በቤንሺው ስም ነበር፤ እንደ ሙሴይ ቶኩጋዋ ያሉት ከተዋንያኑ የማያንስ ዝና ነበራቸው። አንድ ፊልም በሁለት አዳራሽ፣ በሁለት ቤንሺ ቢታይ ሁለት የተለያየ ትርኢት ይሆናል። ይህን ትርኢት «ድምፅ አልባ» ብሎ ለመጥራት ጆሮን መድፈን ያስፈልጋል።

«ቤንሺ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? «አስተርጓሚ» እንዳንል የጃፓንን ፊልም ለጃፓኖች ይተርክ ነበር፤ «ተራኪ» እንዳንል የተዋንያኑን ቃል ራሱ ይፈጥራል። ወደ አሳባችን የሚመጣው «አፈ ንጉሥ» የሚለው የጥንት ማዕርግ ነው። ንጉሡ በመጋረጃ ውስጥ ሆኖ፣ ቃሉን ለሸንጎው የሚያደርስለት ሌላ አንደበት ነበረው። ፊልሙም እንደ ንጉሡ በመጋረጃው ላይ ነግሦ ዝም ይላል፤ አፉ ከጐኑ ይቆማል። ይሁን እንጂ ማዕርጉ በኋላ ከዳኝነት ጋር ስለ ተጣበቀ ለስያሜነት አይሆንም፤ ጨዋታውን በዚሁ ትተን «ቤንሺ»ን እንዳለ መዋሱን እንመርጣለን።

ድምፁ ከምስሉ ጋር የታሰረበት መንገድ በራሱ ብዙ ያስረዳል። በዋርነር ብራዘርስ የቫይታፎን ሥርዐት ድምፁ የሚቀረጸው 16 ኢንች ስፋት ባለው ሸክላ ላይ ነበር፤ አንዱ ሸክላ 11 ደቂቃ ያህል ማለትም የአንድ ጥቅል ፊልም ጊዜ ይጫወታል። መርፌው ሸክላውን ስለሚፍቀው ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአዲስ መተካት ነበረበት። ፊልሙ ተበጥሶ ሲቀጠል ጥቂት ምስሎች ቢጐድሉ ከዚያ ወዲያ ያለው ንግግር ሁሉ ከከንፈር ይለያያል፤ ስለዚህ የማሳያው ሠራተኛ በጐደለው ልክ ጥቁር ፊልም መሙላት ነበረበት። ድምፁን በዚያው በፊልሙ ጠርዝ ላይ በብርሃን የሚቀርጸው ሌላው ሥርዐት ይህን ጣጣ ስላስቀረ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሸክላውን አባረረው። ፍጥነቱም አንድ ሆነ። ቀድሞ በእጅ በሚዞር ካሜራ በሴኮንድ 16ም፣ 18ም፣ 22ም ምስል ይነሣ ነበር፤ ድምፅ ግን መለዋወጥን አይታገሥምና 24 ተብሎ ተወሰነ። የዱሮ ፊልሞች በዚህ ፍጥነት ሲታዩ ሰዎቹ እንደ ዶሮ የሚፈናጠሩት ስለዚህ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የዚያ ዘመን ትወና ራሱ እንዲያ ይመስለዋል፤ ይህም ከስያሜው የማይተናነስ ስሕተት ነው።

የሽግግሩ መጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀሰው «ዘ ጃዝ ሲንገር» በኦክቶበር 6 ቀን 1927 በኒው ዮርክ ታየ። «የመጀመሪያው ተናጋሪ ፊልም» የሚለው የተለመደ አገላለጽ ግን ሲመረመር አይጸናም። አብዛኛው ፊልም በጽሑፍ የሚነበብ ነው፤ ከዘፈኖቹ ውጭ ተዋንያን ሲናገሩ የሚሰማው በድምሩ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ፊልሙ ግን የሽግግሩን ምንነት ከብዙ ታሪክ ጸሐፊ አጥርቶ ያሳያል። አል ጆልሰን የሚጫወተው ልጅ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ እናቱ ቤት ተመልሶ፣ ፒያኖ እየመታ ያዋራታል፣ ያሾፍባታል፣ ቀሚስ እገዛልሻለሁ ይላታል፤ ንግግሩ በቃል ያልተጠና፣ የቤት ወሬ ነው። በምኩራብ የሚዘምረው አባት ይገባና አንድ ቃል ተናግሮ ያስቆመዋል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ንግግሩ ይጠፋል፤ ፊልሙ ወደ ጽሑፉ ይመለሳል። ሁለቱ ዘመናት በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ዝም ሲያሰኝ እናያለን። ይህን ፊልም «ተናጋሪ» ብሎ መሰየም የትዕይንቱን ኀይል ይሰውራል፤ «ከፊል ተናጋሪ» ቢባል ግን አንባቢው የት ላይ ተናግሮ የት ላይ ዝም እንዳለ ለመጠየቅ ይነሣሣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በንግግር የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም የመጣው በ1928 ነው፤ «ላይትስ ኦቭ ኒው ዮርክ» ይባላል፤ በሥራነቱ ከዚህ በላይ የሚወራለት አይደለም።

ከእነዚያ ዓመታት ፊልሞች ሁሉ የቋንቋ ሰው ደጋግሞ ሊያየው የሚገባው የሂችኮክ «ብላክሜይል» ነው። በ1929 በእንግሊዝ ሲጀመር ያለ ንግግር የታሰበ ነበር፤ በመካከሉ የድምፅ መሣሪያ በመምጣቱ ብዙው ክፍል እንደገና ተቀረጸ። ብዙ ሲኒማ ቤቶች ገና ድምፅ ማጉያ አልተከሉም ነበርና ሁለቱም ቅጆች ወጡ። ዋና ተዋናይቱ አኒ ኦንድራ ቼካዊት ናት፤ የእንግሊዝኛ አነጋገሯ የለንደን ባለሱቅ ልጅ ነኝ ለማለት አያበቃትም። ድምፅን በኋላ የመተካቱ ጥበብ ገና ስላልተደላደለ፣ ጆአን ባሪ የተባለች እንግሊዛዊት ከካሜራው እይታ ውጭ ቆማ ቃሉን ስትናገር ኦንድራ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። ቤንሺው ከመጋረጃው ጐን ወደ ካሜራው ጐን ተዛወረ ማለት ነው። ልዩነቱ ግን አለ፤ ቤንሺው በየምሽቱ ይለወጣል፣ የጆአን ባሪ ድምፅ ግን ከኦንድራ ፊት ጋር ለዘለዓለም ተጣበቀ።

በዚሁ ፊልም ውስጥ፣ ሊደፍራት የሞከረን ሰው በቢላዋ የገደለችው ልጅ በማግስቱ ከወላጆቿ ጋር ለቁርስ ትቀመጣለች። አንዲት ጐረቤት ስለ ግድያው ታወራለች። ወሬው ቀስ በቀስ ወደማይለይ ማጕረምረም ይለወጥና «ቢላዋ» የሚለው ቃል ብቻ ነጥሮ፣ ደጋግሞ ይሰማል፤ በመጨረሻ ልጅቷ ዳቦ ልትቈርስበት የያዘችው ቢላዋ ከእጇ ይፈናጠራል። ትዕይንቱ የተሠራው በአንድ ክፍለ ቃል ላይ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል አጭርና ስለታም ነው። ተርጓሚ ይህን ወደ አማርኛ ድምፅ ልመልስ ቢል ከሁለት ነገር ጋር ይታገላል። አንደኛ፣ «ቢላዋ» ረዘም ያለና በክፍት አናባቢ የሚያልቅ ነው። ሁለተኛና የባሰው፣ የአማርኛ ስም በዐረፍተ ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ራቁቱን አይቆምም፤ «በቢላዋ»፣ «ቢላዋውን»፣ «የቢላዋ» እያለ መስተዋድድና ቅጥያ ይለብሳል፤ ማሰሪያ አንቀጹም ከኋላው ይመጣል። ጐረቤቷ ቃሉን ብቻውን እንድትጥለው ንግግሯ ሁሉ እንደገና መቀመር አለበት። ለድምፅ አልባው ቅጅ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ጽሑፉን አውጥቶ የአማርኛ ጽሑፍ ማስገባት ይበቃል። ሽግግሩ በተርጓሚው ትከሻ ላይ ምን ያህል ሸክም እንደ ጨመረ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ሸክሙ በዓለም ዙሪያ የተሰማው በፍጥነት ነው። ከምስሉ መካከል የሚገባውን ጽሑፍ (ከዚህ ወዲያ «ጣልቃ ጽሑፍ» እንበለው) መለወጥ ርካሽ ስለ ነበረ አንድ ፊልም በብዙ ቋንቋ ይዞር ነበር። ኤይዘንሽታይን፣ ፑዶቭኪንና አሌክሳንድሮቭ በ1928 ባወጡት መግለጫ፣ ድምፅ ምስልን ተከትሎ እንዳይገዛው፣ ፊልምም በአንድ አገር ገበያ ውስጥ እንዳይታጠር አስጠንቅቀው ነበር። ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ፓራማውንት በ1930 በፓሪስ አቅራቢያ በዧንቪል ስቱዲዮ አቋቁሞ፣ አንዱን ታሪክ በአንድ ትዕይንት ቦታ እየቀያየረ በየቋንቋው ተዋንያን መቅረጽ ጀመረ። «ዘ ብሉ ኤንጅል» በዚያው ዓመት በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ጐን ለጐን ተሠራ። በ1930 በሆሊውድ ቀን የእንግሊዝኛው «ድራኩላ» በተቀረጸበት ቦታ ሌሊት የስፓንኛው ይቀረጽ ነበር። አሠራሩ ወጪው ስለ ከበደ ብዙ አልቆየም፤ ሁለት መንገዶች ብቻ ቀሩ፤ የግርጌ ትርጉምና ድምፅን በድምፅ መተካት።

ምርጫው ሁልጊዜ የጥበብ ምርጫ አልነበረም። የፋሽስቱ የኢጣልያ መንግሥት በ1930 በባዕድ ቋንቋ የሚናገር ፊልም እንዳይታይ ከለከለ፤ የውጭ ፊልሞች ለጊዜው ንግግራቸው ተቈርጦ ጣልቃ ጽሑፍ እየገባላቸው ይታዩ ነበር። ተናጋሪ ፊልም በአዋጅ ወደ ድምፅ አልባነት ተመለሰ ማለት ነው። ጃፓን በ1931 «ሞሮኮ»ን በጃፓንኛ የግርጌ ትርጉም ስታሳይ የቤንሺው እንጀራ ተቈረጠ፤ አድማ ቢመቱም አልተሳካላቸውም። የታላቁ ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ሄይጎ ከእነዚህ ቤንሺዎች አንዱ ነበር፤ በ1933 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በሕንድ ደግሞ በማርች 14 ቀን 1931 «ዓላም አራ» በቦምቤይ ሲታይ፣ ጣልቃ ጽሑፍ እየለወጠ በየክፍለ ሀገሩ ይዞር የነበረው ሲኒማ በየቋንቋው ሊከፈል ግድ ሆነ፤ የታሚል፣ የቴሉጉ፣ የቤንጋሊ ሲኒማ እያንዳንዱ በራሱ አንደበት አደገ። ስለዚህ የድምፁ መታሰር ለአንዳንዱ ቋንቋ መዘጋት፣ ለአንዳንዱ መወለድ ሆኗል።

አንድ ወገን ግን ምንም አላተረፈም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በጣልቃ ጽሑፉ ዘመን ከማንም እኩል የሲኒማ ተመልካቾች ነበሩ፤ ተዋንያንም ነበሩ። ኩባ ተወልዶ በአሜሪካ በአጫጭር ኮሜዲዎች የተጫወተው ኤመርሰን ሮሜሮ መስማት የተሳነው ነበር። ተናጋሪው ፊልም ሲመጣ እርሱም መሰሎቹም ከሁለቱም ቦታ ተገፉ። ሮሜሮ በ1947 ፊልሞችን እየቈራረጠ በመካከላቸው ጽሑፍ ማስገባት ጀመረ፤ የአሜሪካ መንግሥት ለእነዚህ ተመልካቾች ጽሑፍ ያለው ፊልም እንዲቀርብ በሕግ የደነገገው በ1958 ነው። «ድምፅ አልባ» የሚለው ስያሜ በዚህ ወገን ዐይን ሲታይ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ለእነርሱ ያ ዘመን ምንም ያልጐደለበት ነው።

ቻፕሊን ለብቻው መጠቀስ አለበት፤ ድምፅንና ንግግርን ለይቶ የተጠቀመ እንደ እርሱ ያለ የለምና። በ1931 ያወጣው «ሲቲ ላይትስ» ሐውልት ሲመረቅ ይጀምራል፤ ሹማምንቱ ንግግር ሲያደርጉ የሚሰማው ቃል ሳይሆን የጥሩምባ ጫጫታ የመሰለ ጩኸት ነው። በተናጋሪው ፊልም ላይ እየተሳለቀ ነው፤ የተሳለቀው ግን በተቀረጸ ድምፅ ነው። ወረድ ብሎ ጀግናው ፉጨት ውጦ በሥቅታው ዘፋኙን ያቋርጣል፤ ይህ ቀልድ ያለ ድምፅ አይሠራም። ታሪኩም የተመሠረተው ዐይነ ስውሯ አበባ ሻጭ በሰማችው የመኪና በር ላይ ነው። በ1936 በ«ሞደርን ታይምስ» ድምፁን ለሕዝብ ሲያሰማ ደግሞ የዘፈነው የየትኛውም አገር ቋንቋ ባልሆነ ቃል ነበር። ተርጓሚን ከሥራ ያሳረፈ ብቸኛ ዘፈን ሳይሆን አይቀርም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አማርኛ ይህን ስያሜ የሠራው ስለ ሌሎች ያለፈ ዘመን ለመናገር እንደ ሆነ እናያለን። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ ተናጋሪ ነበር። ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ማለቱ የታወቀ ነው፤ በዚያ ስም ውስጥ ስለ ድምፅ መኖርም አለመኖርም ምንም አልተባለም። የድምፁ ባለቤት ማነው የሚለው ጥያቄ ለእኛ የደረሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ2016 ካና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች አገሮችን ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየተካ ማቅረብ ሲጀምር በአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ዘንድ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ስለ ባህልና ስለ እንጀራ ነበር፤ ሁለቱም የቤንሺዎቹ ጥያቄዎች ናቸው። የሚገርመው፣ ያን ሁሉ ያከራከረው ሥራ ራሱ ከ«ዳቢንግ» በቀር የጸና የአማርኛ ስም አላገኘም። በኡጋንዳ በሉጋንዳ ቋንቋ የውጭ ፊልሞችን እየተረጐሙ፣ እየቀለዱ የሚያሰሙት «ቪጄ»ዎችም የአዳራሹ ድምፅ ፈጽሞ እንዳልሞተ ይመሰክራሉ፤ ለእነርሱም ስም እንፈልግላቸው ይሆናል።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። «ድምፅ አልባ ፊልም» ጨርሶ ይሠረዝ አንልም፤ ሥር ሰድዷል። ግን የፊልሙ ጥቅል መግለጫ ብቻ ይሁን፤ በመዝገበ ቃላት ሲፈታም «ከምስሉ ጋር የተቀረጸ ድምፅ የሌለው፣ በሚታይበት ስፍራ በሙዚቃ፣ በተራኪ ወይም በሌላ ድምፅ ሊታጀብ የሚችል ፊልም» ይባል። «ባለድምፅ» ድምፁ ከምስሉ ጋር ለታሰረ ማናቸውም ፊልም ይዋል። «ተናጋሪ» ከባለድምፆቹ መካከል ተዋንያኑ ሲናገሩ ለሚሰሙበት ይለይ፤ «ከፊል ተናጋሪ»ም ከሥሩ ይግባ። «የድምፅ አልባ ዘመን» የሚለውን ሐረግ ግን ተርጓሚዎች ቢተዉት እንመርጣለን፤ ዘመኑ ድምፅ ነበረውና። «ከተናጋሪ ፊልም በፊት የነበረው ዘመን» ማለት ረዘም ቢልም ሐሰት የለበትም። «ጣልቃ ጽሑፍ»ና «የግርጌ ትርጉም»ም አይቀላቀሉ፤ የመጀመሪያው ምስሉን አቋርጦ የሚገባ የፊልሙ የራሱ አካል ነው፣ ሁለተኛው በምስሉ ላይ የሚጻፍ የሌላ ሰው እጅ ነው።

በዚህ ምደባ መሠረት «ሰንራይዝ» ባለድምፅ ሆኖ ተናጋሪ ያልሆነ ፊልም ተብሎ ይመዘገባል። «ብላክሜይል» በሁለት ቦታ ይገባል። «ሲቲ ላይትስ»ም ከባለድምፆቹ ወገን ይቈጠራል፤ የቻፕሊን ወዳጆች በዚህ ቅር ሳይሰኙ አይቀሩም።